ዘሯን ያልመሰለች

ከቮሩ ወዲያ ማዶ፣ ከሐይቁ ዳርቻ፣
ሄልቬ ትኖራለች ከድመት ጋር ብቻ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ስትለይ ኖራ፣
የሰው ስም አንብባ፣ የሰው ደጅ ቆጥራ፣
ጡረታ ስትወጣ የተረፋት ሀብቷ
የጓሮ መሬቷና ያመማት ጉልበቷ።

ባሏ ኤንደል ያኔ፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣
ለምሳ የመጣ ፖም ከሳህን አንሥቶ
ገመጠ። አኘከ። አሰበ።
«ላዩ መስታወት ነው፣ ውስጡ የዝናብ ውሃ፤
ምን ምን የማይል ፖም! የጣዕም በረሃ!»
በማግስቱ ሞተ።
የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነበር፤ ስሞታ።
ሄልቬ የዚያን ዕለት አላነባችም ላፍታ፤
የተገመጠውን ፖም በመሐረብ ቋጥራ
ቤቷ ገባች ማታ፣ ሰባት ፍሬ ቆጥራ።

በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከዓሣው በስተጎን፣
ፍሪጅ ውስጥ አስተኛች ያን ክረምት ዘሮቹን።
ሚያዝያ ሲጠባ ከሰባቱ ሦስቱ
በእርጎ ኩባያ አሉ ብቅ ከመስኮቱ፤
አንዷን ጥንቸል በላት፣ አንዷን ውርጭ ፈጃት፣
ሦስተኛዋ ዳነች፤ እሾህ ነው ያዳናት።

«ፖም በዘር አይሆንም» አላት ኡሎ ባጥሩ፣
«እናቷን አትመስልም፣ ይከዳሻል ዘሩ፤
ችግኝ ከነስሙ በገበያ ሞልቶ
ማን ዐሥር ዓመት ሙሉ ይጠብቃል አፍ ከፍቶ?»

በእኛ ቋንቋማ «ዘር ከልጓም ይስባል»፣
«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይባላል፤
ፖም ግን ተረት አታውቅም፤ ልጓሟን በጥሳ፣
ማንም ያላየውን መልክ ትወጣለች ለብሳ።
አባቷን ማን ያውቃል? ንብ ሽማግሌ ሆና
የማንን ደጅ ብናኝ እንዳመጣች ዘግና።
ዘር ቆጥሮ ለሚኮራ ምሳሌ ባደርጋት፣
ሄልቬ ምን ገዷት! ውሃ ነው የምታጠጣት።

አምስት ዓመት አለፈ፤ ቅጠል ብቻ። ሰባት፤
ቅጠል ብቻ። ዘጠኝ። ኡሎ መጋዝ ሰጣት።
በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ መጥረቢያ ተሸክማ፣
በጨረቃ ወጣች በኤንደል ቦት ጫማ።
«ስሚኝ» አለቻት፣ «ዘንድሮም ካላበብሽ፣
ምድጃ አለኝ፣ ብርድ አለኝ፤ ማገዶ ነሽ።»
ቅርፊቷን በመጥረቢያው ጀርባ መታ አድርጋ
በራሷ አፍራ ገባች፤ እንዲሁ ሌቱ ነጋ።

ዛፍ ሰማ አልላችሁም። ግንቦት ግን ሲመጣ
አንድ ቅርንጫፍ ላይ ዘጠኝ አበባ ወጣ።

ከዘጠኙ ሦስቱ ጥቅምት ላይ ደረሱ፣
መልካቸው ድንች ነው፣ ዝገት የለበሱ፤
ኡሎ አንዱን ገምጦ ፊቱ ተጨማደደ፣
«ኮምጣጤ!» እያለ እየሳቀ ሄደ።
ሁለተኛውን እሷ፣ እንባዋ እየመጣ፣
ጨርሳ በላችው፣ በእልህ፣ በቁጣ።
ሦስተኛው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቀርቶ
ከምድር ቤት ከረመ ከድንች ጋር ተኝቶ።

መጋቢት ነው፤ ውጭ በረዶው አልቀለጠ፤
ድንች ልታወጣ ስትወርድ አንድ ሽታ አመለጠ።
ገለጠችው ቀስ ብላ፤ ዝገቱ ወርቅ መስሏል፤
ማር ማር ይላል፣ ደግሞ ሰም ሰም ይላል።
እዚያው ደረጃው ላይ
ገመጠች። አኘከች። አሰበች።
«ኤንደል» አለች፣ «ስማ፤ ይኼ ምን ምን ይላል።»

ግማሹን ለኡሎ ላከችለት በሳህን፤
አጥቦ መለሰላት፣ አልተናገረም ግን።
ማለዳ ተነሥታ፣ ከነጩ በረዶ ላይ፣
ከአጥር እስከ ዛፏ የቦት ዱካ ብታይ፣
ሰፊ ነው፣ ያነክሳል፣ ደግሞም ተመልሷል፤
ከዛፏ አንድ ቀንበጥ በሰያፍ ተቆርጧል።
የሰባ አምስት ዓመት ሰው፣ አጥር ዘሎ ሌባ!
ሄልቬ ሳቀች ብቻዋን እስኪያመልጣት እንባ።

ለዓመቱ የችግኝ ሰው፣ ታርሞ፣ መዝገብ ዘርግቶ
«ስሟን ማን ልበላት?» አለ ብዕር አንሥቶ፤
«ሄልቬ ልበላት? ወይስ ቮሩ?» ሲላት፣
«‹ስሞታ› በል» አለች፣ «እሱ ነው የወለዳት።»

አሁን ያ አጥር ላይ አንድ ጣውላ ጎድሏል፤
ነፋስ አልጣለውም፣ በመዶሻ ተነቅሏል፤
ጉልበት ለሚያመው ሰው ዝላይ ይከብዳል።